የሐሙስ ቃለ ጉባኤ

አጀንዳ አንድ፦ ሙቀት። ቦታው፦ ከዚራ ዳር፣
ቆርቆሮው የቀኑን ትኩሳት ሲዘረዝር።
ወንበር አራት አለን፤ ሰው ዐሥራ አንድ መጣ፤
ቀሪው በቡሎኑ ሣጥን ላይ ተሰጣ፤
ብረት ሰቃይ፣ በያጅ፣ ቆራጭ፣ መሐንዲስ።
ጸሐፊው እኔ ነኝ፣ በደብተር፣ በእርሳስ፤
እስክሪብቶማ እዚህ አገር ቀለሙ ነው የሚፈስ።

የጠራን ጉዳይ፦ የሽንሌው መጋዘን፣
ቀዳዳ ከቀዳዳው አልገጥም ያለን።
ሠላሳውን ሜትር ቀትር ላይ ቆርጠን
ጎህ ሲቀድ ብንሰቅለው አጥሮ ቀረብን።
«ትራስ» ይሉታል አሉ ከአዲስ አበባ የመጡት፤
የምን ትራስ ነው ይሄ፣ እንቅልፍ በሱ ያጡት!

ኢንጂነር ፍሬስብሐት ሰሌዳው ላይ ጻፈ፣
«ሰባት ሚሊ» ብሎ ጠመኔ አራገፈ፤
«ከንጋት እስከ ቀትር ብረቱ ያድጋል፤
ሲመሽ፣ እንደ አንዳንድ ሰው፣ ቃሉን ያጥፋል።»

ኢጌ ሰቃዩ ሳቀ፣ ከወደ ጥጉ።
«ቀትር ላይ ጥላ እንጂ ብረት ማን ይለካል?
ግመል እንኳ ያኔ ይንበረከካል።
እኔ የምሰቅለው ፈጅር እንደተባለ፣
እጄ ሳይቃጠል፣ ብረቱም እንዳለ።
‹እንደጋለ ቀጥቅጥ› ይላል የሚለው፤
አቦ፣ ድሬ ላይ ብረት መቼ በርዶ ነው!»

ይጻፍ አሉኝ። ጻፍኩ። መለካት፦ በፈጅር።

አጀንዳ ሁለት፦ ረምላ። ጓንቷን አወለቀች፣
ከማዳበሪያ ከረጢት ብረት ዘረገፈች፣
እንደ ሎሚ ነጋዴ መደብ ደረደረች።
ሁሉም የራሷ ስሕተት፣ ቀኑ የተጻፈበት፣
በመጋዝ ተሰንጥቆ ሆዱ የታየበት።
«ይኸኛው የነሐሴ፤ ኤሌክትሮዱን ጤዛ ነካው፣
ላዩ ሐር ይመስላል፣ ውስጡን ወንፊት አረገው።
ይኸኛው የተጣደፍኩት፣ ለቀን ክፍያ፤
እዩት፣ አሻግሩት፤ አላፍርም ከዚህ ወዲያ።»
ብየዳዋን እጅ በእጅ ሲቀባበሉት
ዝም አሉ ወንዶቹ። ጓሯቸው የቀበሩት
ስንት ቁራጭ አለ!

አጀንዳ ሦስት አልነበረም።
ጋሽ ዘውገ ግን ተነሣ።

ሦስት ወር ሲመጣ ቃል ያልተናገረ፣
በምድር ባቡር ጋራዥ ሪቬት ሲመታ የኖረ።
«አባቴን» አለ፣ «‹ጠይብ› ብለው ውኃ ነፈጉት፤
ማረሻቸው ሲሰበር ግን ሌሊት ቀሰቀሱት።
ዕውቀቱን አጥር አርጎ ከነአጥሩ ተቀበረ።
ሙሴ አርቲንም እኔን፣ ብረቱ ሲግል፣ ‹ዙር!› ይለኝ ነበረ፤
ፊቴን ወደ ግንቡ። በጆሮዬ ሰረቅሁት።
እኔም ለስንቱ ልጅ ያንኑ ‹ዙር!› አልሁት።»

ጥግ የተደገፈ ዝገት የበላው ላሜራ፣
ደቻቱ ሲሞላ ከአሸዋ ጋር የተፋው፣ የማን እንደሁ ያልተጠራ፣
ጎትቶ አቆመና፣
«ረምላ፣ ጣትሽን አምጪ። ከዚህ ወገን አድርጊው፤
በወዲያ እመታለሁ። አትስሚው፤ ዳብሺው።
ዝም ካለ ጤና ነው። ከተነፈሰ ግን ሞቷል።»
መታ። ምንም። መታ፣ ሁለተኛውን።
ጣቷ ደነገጠ። ሳቀች።

«ቀለሙስ?» አለ ኢጌ። «ሲበስል፣ ቀለሙ?»
ሽማግሌው ቆየ። መዶሻውን አዞረው።
ከአርባ ዓመት ልምዱ ጋር ሲታገል አየሁት፣
ወደ ግንቡ ዞር ሲል፣ ሲመለስ፤
«ብርቱካን» አለ በመጨረሻ፣
«ሎሚ ከመሆኑ በፊት።»

ከዚህ በኋላ ገጹ ባዶ ነው።
ይቅርታ ይደረግልኝ፤ ጸሐፊው ያን ሰዓት
ተራው ደርሶት ነበር፣
ጣቱ ሪቬቱ ላይ።

ቀጣይ ስብሰባ፦ ሐሙስ።
ወንበር ይጨመር።